ከጦስኝ ዘይት የተሠራ የምግብ መጠቅለያ፦ ተስፋውና ጥንቃቄው



በዐረፋ ማግሥት አንዲት እናት ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጥተው የቅርንፉድ ዘይት ጠየቁኝ። «ለጥርስ ሕመም ነው?» ብላቸው፣ «አይ ልጄ፣ መብራት ጠፍቶ ፍሪጁ ቆሟል። ሥጋው ላይ ጠብ ላደርግበት ነው። በቅመም ዘይት ሥጋ የሚያቆይ ላስቲክ ተሠራ ሲባል ሰምቻለሁ» አሉኝ። የሰሙት እውነት ነው፤ ሊያደርጉት ያሰቡት ግን አደገኛ ነበር። ዛሬ ላወያያችሁ የፈለግሁትም ስለዚሁ ነው።

ለመሆኑ ይህ «ላስቲክ» ምንድን ነው? ፌስታል የሚሠራው ከነዳጅ ውጤት ሲሆን፣ ይህኛው ግን ከስታርች፣ ከባሕር አረም፣ ከጀላቲን ወይም ከሽሪምፕና ከሸርጣን ቅርፊት ከሚወጣ ካይቶሳን የተባለ ንጥረ ነገር የሚሠራ ስስ መጠቅለያ ነው። ሲሠራ የጦስኝ፣ የቅርንፉድ ወይም የቀረፋ ዘይት በልኩ ይቀላቀልበታል። በጦስኝ ውስጥ ታይሞልና ካርቫክሮል፣ በቅርንፉድ ውስጥ ደግሞ ዩጂኖል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ። እነዚህ የባክቴሪያውን ሽፋን ሰርስረው ስለሚገቡ ውስጡ ያለው ነገር ይፈስሳል፤ ባክቴሪያውም ይዳከማል ወይም ይሞታል። በባሌ ደጋዎች የሚበቅለው የራሳችን ጦስኝም እነዚህ ንጥረ ነገሮች አሉት።

እኔ በበኩሌ ይህን ሥራ እደግፋለሁ። አገራችን በ1999 ዓ.ም. ስስ ፌስታልን፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፌስታልን በጠቅላላ የሚከለክል አዋጅ ስታወጣ ምትክ ማስፈለጉ ግልጽ ነበር። ነገር ግን «ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ሊያዘናጋን አይገባም።

አንደኛ፣ መጠቅለያው መበላሸትን ያዘገያል እንጂ የፍሪጅንና የእሳትን ቦታ አይተካም። ምቹ ሙቀት ያገኘ አንድ ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ በየ20 ደቂቃው እጥፍ እየሆነ በ7 ሰዓት ውስጥ ከ2 ሚሊዮን በላይ ይሆናል። ኢ. ኮላይና ሳልሞኔላ ተጨማሪ የውጭ ሽፋን ስላላቸው ደግሞ የቅመም ዘይቶችን ከሌሎቹ ይበልጥ ይቋቋማሉ።

ሁለተኛ፣ በመጠቅለያው ውስጥ ያለው ዘይት በጥቂቱ ተመጥኖ የገባ ነው። በጠርሙስ የሚሸጠው ግን የተጣራና ኃይለኛ ነው። የቅርንፉድ ዘይት የጠጣ ሕፃን ጉበቱ ሊጎዳ፣ ራሱን ሊስት ይችላል። እባካችሁ ምግብ ላይ አታንጠባጥቡት፤ ልጆች ከሚደርሱበት ቦታም አታስቀምጡት።

ሦስተኛ፣ «የሚበሰብስ» የተባለ ሁሉ የትም ተጥሎ አይበሰብስም። ከበቆሎ የሚሠራው ፒ.ኤል.ኤ. የተባለው ዓይነት ቶሎ የሚበሰብሰው ወደ 60 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ባለው የማብላያ ጣቢያ ነው። ቦይ ውስጥ ከተጣለ ግን ለረጅም ጊዜ እንዳለ ይቆያል።

አራተኛ፣ ጀላቲን ከበሬ ብቻ ሳይሆን ከአሳማ ቆዳም ይሠራል። መጠቅለያው ከምግባችን ጋር የሚነካካ፣ አንዳንዱም አብሮ የሚበላ ስለሆነ፣ ነጋዴዎቻችን ከማስገባታቸው በፊት «ጀላቲኑ ከምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። እኛም ስንገዛ እንጠይቅ። ብይኑን ለዑለማዎቻችን እተወዋለሁ፤ መጠየቁ ግን የሁላችንም ድርሻ ነው።

ወደ እኚያ እናት ልመለስ። መብራት ከጠፋ ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላም ነበር፤ የፍሪጁንም በር አልከፈቱትም። «ዘይቱን ይተዉት እናቴ። ገሚሱን አሁኑኑ በደንብ ያብስሉት፤ የቀረውን በቀጭኑ ዘልዝለው፣ በጨውና በበርበሬ አሽተው ቋንጣ ያድርጉት» አልኳቸው። ሳቅ ብለው፣ «ይህንንማ ከእናቴ ተምሬው ነበር» አሉኝ።

እኛም ለጎረቤትና ለሚስኪን የምናካፍለውን ሥጋ በፌስታል አፍነን ፀሐይ ላይ አናቆየው። ንጹሕ ክዳን ያለው ዕቃ እንጠቀም፤ ከታረደ በኋላም በሁለት ሰዓት ውስጥ ወይ ፍሪጅ ወይ ድስት ይግባ። ሥጋውን ከመንካታችን በፊትም ሆነ በኋላ እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። አዲሱ መጠቅለያ ነገ ገበያችን ሲደርስ በደስታ እንቀበለዋለን፤ ምግባችንን የመጠበቁ ኃላፊነት ግን ያኔም የእኛው ነው።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወሰላም።