ሠራተኛው ሲታመም ፋብሪካውም ይታመማል

በካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ፣ በካስልሪጅና በአካባቢው የሚኖር ስደተኛ የፋብሪካን ሥራ በወሬ ሳይሆን በትከሻው ያውቀዋል። ስለዚህ «የሠራተኛ ጤና ለምርት ምን ያደርጋል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን ሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020 ከካልጋሪ በስተደቡብ ሃይ ሪቨር ያለው የካርጊል ሥጋ ማቀነባበሪያ 2 ሺህ ገደማ ሠራተኞች ነበሩት። ከ900 በላይ የሚሆኑት በኮሮና ተያዙ። ብዙዎቹ ስደተኞች ነበሩ፤ ከዚሁ ከእኛ ሰፈር በአንድ መኪና ተጫጭነው የሚመላለሱም ነበሩባቸው። የሰው ሕይወት ጠፋ። በቀን እስከ 4,500 ከብት የሚያርደው ፋብሪካም ለሁለት ሳምንት ተዘጋ። ማሽኑ አልተበላሸም፤ የቆመው ሰው ስለታመመ ነው።

አገር ቤትስ? ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሲመረቅ ትልቁ መስህብ ርካሽ ጉልበት ነበር። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ዘገባ መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር። በዚህ ገንዘብ ቤት ተከራይቶ፣ በልቶ መኖር እንዴት ይቻላል? ሠራተኞቹ እየለቀቁ፣ ፋብሪካዎቹ በአማካይ በዓመት ውስጥ ሠራተኛውን በሙሉ የመተካት ያህል ይቀጥሩ ነበር።

ኪሳራው እዚህ ላይ ነው። አንዲት የስፌት ሠራተኛ እጇ እስኪፈታ ወራት ይፈጃል። እጇ ሲፈታ ሥራውን ትታ ከሄደች፣ የወጣባት ሥልጠናም አብሯት ሄደ ማለት ነው። በደመወዝ የተቆጠበው ብር በቀጠሮ መዛባትና በተበላሸ ልብስ ተመልሶ ይወጣል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይሄ ነው።

«ካሠለጠንኩት ለሌላ ይሄድብኛል» የሚሉ ባለሀብቶች አሉ። ሳያሠለጥኑት ቢቀርስ? ያልሠለጠነ ሰው ማሽኑ ላይ ተቀምጦ ጨርቅም ያበላሻል፣ ጣቱንም ያጣል። ሠራተኛን የሚያስቀረው ሥልጠና መንፈግ ሳይሆን፣ ከሥልጠናው ጋር የሚያኖር ደመወዝ፣ ንጹሕ አየርና የሕክምና ዋስትና ማቅረብ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ቢሆን አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስተምርና መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል።

ከዚህ ተነስታችሁ አገር ቤት ፋብሪካ ለመክፈት የምታስቡ ወገኖች፣ የማሽኑን ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ነገር አስሉ፦ ዛሬ የቀጠራችሁት ሰው በዓመቱ ጤነኛ ሆኖ እዚያው ይገኛል ወይ? የማይገኝ ከሆነ ርካሽ ያላችሁት ጉልበት ውድ ነው።