ከኋላ የሚሰቀል ጭነት
በአውሮፓ መኝታና ማብሰያ ባለው መኪና አገር የሚጐበኙ ሰዎች ቢስክሌታቸውን ከመኪናው ጀርባ ይሰቅላሉ። ልማዱን አንነቅፍም። ነገር ግን «60 ኪሎ ለመኪና ምኑ ነው?» የሚሉትን አንቀበልም፤ ጭነት በክብደቱ ብቻ ሳይሆን በተሰቀለበት ቦታም ይመዘናልና።

በፊትና በኋላ ጐማዎች መካከል 4 ሜትር ቢኖር፥ ጭነቱም ከኋላ ጐማዎች 2 ሜትር ወጥቶ ቢሰቀል፥ በኋላዎቹ ላይ 90 ኪሎ ይጨመራል፤ ከፊቶቹ ላይ 30 ኪሎ ይቀነሳል። መሪ የሚታዘዙት ግን የፊቶቹ ናቸው። ስለዚህ ቡሎን ከማጥበቅ አስቀድሞ መኪናውን ከነጓዙ ማስመዘን ይገባል።

በጀርመን አገር ቢስክሌቱ ታርጋውንና መብራቱን ቢሸፍን፥ በመስቀያው ላይ ሌላ እንዲደረግ ሕግ ያዛል። ይኸውም ከኋላ ለሚከተለው መንገደኛ ታስቦ ነው። ለራሱ መዝናኛ ሲል ሌላውን ለአደጋ የሚያጋልጥ ሰው፥ መኪናው ቢያምርም ሠለጠነ አይባልም።