ገበናው የማን ነው?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። በቲክቶክ ወይም በዩቲዩብ ቪዲዮ የሚሠሩ ከሆነ አባባሉ ለእርስዎም ነው። ዘወትር የተስተካከለ ሳሎንና የሚስቅ ቤተሰብ ብቻ የሚያሳይን ሰው ተመልካች ያየዋል እንጂ አያምነውም። ከወሊድ በኋላ ስለያዘዎት ድብርት ወይም ስለከሰረው ሱቅዎ በግልጽ ሲናገሩ ግን «ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም» የሚል ሰው ያገኛሉ።

ከመልቀቅዎ በፊት ግን ራስዎን ይጠይቁ፦ ገበናው የማን ነው? የእርስዎ ድካም የእርስዎ ነው። አልጋ ላይ የሸና ወይም ፈተና ወድቆ የሚያለቅስ ልጅ ታሪክ ግን የልጁ ነው። ላይኩን የሚሰበስቡት እርስዎ፣ ነገ ክፍል ውስጥ የሚሳቀቀው እሱ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣችው ሕግ፣ ወላጆች የልጃቸውን የምስል መብት በጋራ እንዲጠብቁ፣ እንደ ዕድሜውና ብስለቱም እንዲያሳትፉት ደንግጋለች። እኛ ቤት ይህን ለመጀመር ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም።

ካሜራውን ወደ ራስዎ ያዙሩት። «ልጄ ሲያለቅስ የማደርገው ጠፋኝ» ማለት በቂ ነው፤ የልጁ እንባ መታየት የለበትም። ስለ እሱ መናገር ግድ ከሆነም አስቀድመው ያስፈቅዱት። «አይሆንም» ካለ፣ አይሆንም ነው።