የውሉ ቀን ሲደርስ ማን ይጠየቃል? የለንደን የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪዎችና የሕጉ ቀዳዳ

ለንደን ውስጥ ፓርላማውና ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ አደባባይ ፊት ለፊት ይተያያሉ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን 2015 ፍርድ ቤቱ የዩኒቨርሲቲና ኮሌጅ ሠራተኞች ማኅበር ከስኮትላንዱ ስተርሊንግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በነበረው ክርክር ለማኅበሩ ፈረደ። በጊዜ የተገደበ ውል ቀኑ ደርሶ ሲያበቃ የሚከተለው ስንብት የሠራተኛ ቅነሳ ሊሆን እንደሚችል፣ አሠሪውም የብዙዎች ውል በሚያበቃበት ጊዜ አስቀድሞ ከማኅበሩ ጋር መመካከር እንደነበረበት አረጋገጠ። ድሉ ግን የተገኘው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው። ከኤፕሪል 6 ቀን 2013 ጀምሮ ውላቸው በቀኑ የሚያበቃ ሠራተኞች ከዚህ የምክክር ግዴታ ውጭ ተደርገው ነበር። ከአደባባዩ አንዱ ወገን የተሰጠውን መብት ሌላው ወገን ሁለት ዓመት ቀድሞ ነሥቶታል።

በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች በምርምር ሥራ ብቻ ከተሰማሩት መካከል ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በጊዜ የተገደበ ውል ያላቸው ናቸው። እነዚህ ጀማሪ ተማሪዎች አይደሉም፤ ዶክትሬታቸውን ይዘው፣ ብዙዎቹም ቤተሰብ መሥርተው፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ የሚኮሩበትን ጽሑፍ የሚያሳትሙ ባለሙያዎች ናቸው።

የ2002ቱ ደንብ ለአንድ አሠሪ በተከታታይ ውሎች 4 ዓመት የሠራ ሰው፣ አሠሪው በቂ ምክንያት ካላቀረበ በቀር፣ ቋሚ ሠራተኛ እንዲሆን ያዛል። ነገር ግን ሁለት ዓመት በሳውዝ ኬንሲንግተን፣ ሦስት ዓመት በብሉምስበሪ የሠራ ተመራማሪ አሠሪው በተለወጠ ቁጥር ከዜሮ ይጀምራል። በምድር ውስጥ ባቡር ጥቂት ጣቢያ ብቻ ተጉዞ አምስት ዓመት ያገለገለ ሰው በሕግ ዓይን 4 ዓመት አልሞላውም።

ዩኒቨርሲቲዎች «ገንዘቡ የእኛ አይደለም፤ ለጋሹ ሲያቆም ሥራውም ያቆማል» ይላሉ። ገንዘቡ ማብቂያ ቀን እንዳለው አንክድም። ሆኖም በመቶ የሚቆጠሩ ፕሮጀክቶችን የሚያስተዳድር ተቋም አንዱ ሲያልቅ ሌላው እንደሚጀምር ያውቃል፤ አደጋውን በጋራ ለመሸከም ከማንም የተሻለ አቅም አለው። እሱ ግን ሸክሙን አንድ ደመወዝ ብቻ ባለው ሰው ጫንቃ ላይ ያሳርፋል። በ2008 የአበርዲን ዩኒቨርሲቲን ጉዳይ ያየው የሥራ ክርክር ችሎት ይህን ምክንያት አልተቀበለውም። የችሎቱ ውሳኔ ሌሎችን የማያስገድድ መሆኑ እንጂ! ከዚያ ወዲህ የተለመደው ዘዴ ውሉን «ላልተወሰነ ጊዜ» ብሎ ሰይሞ የገንዘቡን ማብቂያ ቀን ከሥሩ መጻፍ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይህ ነው።

ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር ለሚመጣ ተመራማሪ ችግሩ ድርብ ነው። የቪዛው ሕግ ለድኅረ ዶክትሬት ቦታ የደመወዝ ወለሉን እስከ 4 ዓመት ዝቅ ያደርጋል፤ ከጁላይ 2025 ጀምሮ አጠቃላዩ ወለል 41,700 ፓውንድ ሲሆን ለእነዚህ ቦታዎች 33,400 ሊበቃ ይችላል። ቅናሹ ግን የአሠሪው ነው። የጤና ተጨማሪ ክፍያው ለአንድ አዋቂ በዓመት 1,035፣ ለአንድ ልጅ 776 ፓውንድ ሆኖ ለእነሱ አይቀነስም፤ ለጠቅላላው የቪዛ ዘመንም በቅድሚያ ይከፈላል። ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር ለሦስት ዓመት 10,866 ፓውንድ ይከፍላሉ፤ ያውም በየወሩ ከደመወዝ ግብር ለሚቆረጥበት አገልግሎት። ሥራው ከቀኑ ቀድሞ ከተቋረጠ ደግሞ አዲስ ስፖንሰር ለመፈለግ በተለምዶ የሚሰጠው 60 ቀን ነው። እንዲህ ያለ ሰው ስለ ሥራ ሰዓቱ ወይም ስለ አለቃው በደል አቤቱታ ከማቅረቡ በፊት የልጆቹን ትምህርት ቤት ያስባል። ዝምታውን እንደ እርካታ የሚቆጥሩ አሉ፤ እኛ ግን የፍርሃት ዝምታ መሆኑን በየስብሰባችን እንሰማለን።

ስለዚህ የምክር ቤት አባላትን የምታማክሩ ባልደረቦች ሦስት ነገር እንድታነሡ እንጠይቃለን። በ1992ቱ የሠራተኛ ማኅበራት ሕግ ላይ በ2013 ትእዛዝ የገባው ልዩነት ይሰረዝ። በ2002ቱ ደንብ የለጋሽ ገንዘብ ማብቃት ብቻውን በቂ ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ይጻፍ፤ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው የተሸጋገረ አገልግሎትም አብሮ ይቆጠር። በዝቅተኛው የደመወዝ ወለል የሚጠቀም አሠሪ የተመራማሪውንና የቤተሰቡን የጤና ክፍያ ይሸፍን። ይህን ለመቃወም የሚነሣ ዩኒቨርሲቲ ቢኖር በመጀመሪያ አንድ ጥያቄ ይቅረብለት፦ ከተመራማሪዎቹ ስንቶቹ ለ4 ዓመት ጥቂት ወራት ሲቀራቸው ተሰናበቱ?