ቀን ጾም፣ ማታ ክምር

ጋሪ በሚበዛባቸው ከተሞቻችን፣ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ፣ ስለ ፈረስ ቀለብ የሚከራከር ሰው እምብዛም የለም። ፈረስ ቀን ይሠራል፣ ማታ ይበላል፤ አለቀ። ሲነጋ ልጓም የገባለት ፈረስ ሰውና ጭነት ሲያመላልስ ይውልና ማታ ከጋሪው ሲፈታ ፉርሽካና ገብስ ይከመርለታል። ባለጋሪው ይህን የሚገዛው ከልጆቹ ጉርሻ ቀንሶ ነው፤ ጭካኔ አይደለም። ነገር ግን ፈረሱን የሚጎዳው ይኸው ደግነት ነውና ሳያለሳልሱ መናገር ያስፈልጋል።

ፈረስ እንደ በሬ በልቶ፣ ተኝቶ አያመሰኳም። ሜዳ ላይ የተለቀቀ ፈረስ በቀንና በሌሊት ውስጥ ከ14 እስከ 16 ሰዓት ያህል ሲግጥ ያሳልፋል፤ ሆዱም የተፈጠረው ለዚሁ ነው። 500 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ጨጓራው ከ8 እስከ 15 ሊትር ብቻ ይይዛል፤ የእኛ ጋሪ ጎታች ደግሞ በክብደት ብዙውን ጊዜ የዚህ ግማሽ ነው። አሲዱ ግን በላም አልበላም መመንጨቱን አያቆምም። ያንን አሲድ የሚያበርደው ምራቅ የሚወርደው ሲያኝክ ነው። እንግዲህ ሳያኝክ የዋለ ፈረስ ጨጓራው በገዛ አሲዱ ሲላጥ ይውላል። ማታ ርቦት እህሉን ሲሰለቅጠው ከትንሹ አንጀት አቅም በላይ የሆነው ስታርች ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ያልፋል። እዚያ ሣርና ጭድ የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ይዳከማሉ፤ እህል የሚወዱት ይበዙና አንጀቱን በአሲድ ይሞሉታል። ከዚያ ቁርጠት ነው። ፈረስ ማስታወክ ስለማይችል ጨጓራው ከተወጠረ ሊፈነዳ ይችላል። ከቁርጠት የተረፈውም ሰኮናው ውስጥ በሚነሣ ብግነት ያነክሳል፤ ባለቤቱ ድንጋይ ረግጦ ይመስለዋል።

በፉርሽካ ላይ ያለን እምነት ይበልጥ ያሳዝነኛል። ፈረስ ይወደዋል፣ እንደ ልብም ይገኛል። ይሁን እንጂ የስንዴ ፉርሽካ ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ አሥር እጥፍ ገደማ ነው፤ ፈረስ የሚሻው ደግሞ ካልሲየሙ የሚያይል መኖ ነው። ለወራት ፉርሽካ ዋና ቀለቡ የሆነ ፈረስ የጎደለውን ከገዛ አጥንቱ ይስባል። አጥንቱ ይሳሳል፣ የፊቱ አጥንት ያብጣል። አውሮፓ ውስጥ ይህ በሽታ የወፍጮ ቤት ፈረሶችን ያጠቃ ስለነበር በባለ ወፍጮዎች ስም እስከ መጠራት ደርሶ ነበር።

ታዲያ ስንት ይብላ? 250 ኪሎ ለሚመዝን ሠራተኛ ፈረስ በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎ ደረቅ መኖ፤ ከዚህም ቢያንስ 4 ኪሎው ድርቆሽ ወይም ጭድ ይሁን። ከጭድ የጤፉ ይሻላል፤ ያልሻገተ የባቄላ ወይም የአተር ገለባ ቢቀላቀልበት ካልሲየሙን ይደጉማል። ገብስ ክልክል አይደለም፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ኪሎ ሳያልፍ፣ ያውም ጭዱን ካላመጠ በኋላ ይሰጠው። ጨው ይላስ። በሙቀት ጋሪ ሲጎትት ለዋለ 20 ሊትር ውኃ እንኳ ላይበቃው ይችላል።

«ጋሪ እየጎተተ እንዴት ይበላል?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ተሳፋሪ እየጠበቀ በየተራው የሚቆምበት ጊዜስ? ልጓሙን አውልቆ አንድ እቅፍ ጭድ ፊቱ ማድረግ ገበያ አያሳጣም። በበጋ ድርቆሽ መወደዱ እውነት ነው፤ ለዚህ ግን በመኸር፣ ጭድ ሲረክስ፣ ጥቂት ባለጋሪዎች ተባብረው ገዝተው ቢከምሩ ከየዕለቱ የፉርሽካ ወጪ ይቀልላቸዋል። ውኃው ግን የባለጋሪው ዕዳ ብቻ አይደለም። በንግግር ሁሉ የነገሥታቱን አባ ታጠቅንና አባ ዳኘውን እያነሣን በፈረስ ስም እንኮራለን፤ ፈረሱ እየተመላለሰ በሚቆምበት የጋሪ ተራ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ የውኃ ገንዳ አናኖርም። ለመኪና ማቆሚያና ማደያ ቦታ የሚሸነሽን የከተማ አስተዳደር በየጋሪ ተራው፣ ቦኖው አጠገብ፣ የሲሚንቶ ገንዳ ማሠራት አያቅተውም። ባለጋሪዎችም ይህን ጠይቀው እስኪፈጸም ድረስ ዝም ማለት የለባቸውም።