ዩኒፎርሙ ስለተመለሰበት ጉዳይ ለነዋሪው የተሰጠ መልስ

ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤ ቦምቤ

ካለፈው ወርሃዊ ስብሰባ ወዲህ «ጸሐፊው ለድሃ ልጆች የመጣውን ልብስ መለሰ» የሚል ወሬ በየቡና ቤቱና በውሃ ወረፋ ላይ ሲወራ ሰንብቷል። ወሬው ውሸት አይደለም፤ መልሻለሁ። ነገር ግን የተወራው ግማሹ ብቻ ስለሆነ ሌላውን ግማሽ ጽፌ በዚህ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። የሚያነብ ያንብብ፣ ማንበብ ለማይችል ልጁ ያንብብለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባና ከሐዋሳ ጎዳና ተመልሰው ማህበራችን ትምህርት ቤት ያስገባቸው ሰባት ልጆች እንዳሉን ታውቃላችሁ። አንድ የከተማችን ነጋዴ ለሰባቱም ዩኒፎርምና ደብተር እገዛለሁ አሉ። እሰየው ብለን ተቀበልን። ቀኑ ሲደርስ ግን የሱቃቸው ስም በትልቁ የተጻፈበት ባነር ይዘው መጡ። ልጆቹ ባነሩ ሥር ተሰልፈው፣ አንድ ጊዜ አሮጌውን ለብሰው፣ አንድ ጊዜ አዲሱን ለብሰው ፎቶ ይነሱ ተባለ። ባነሩ ላይ ደግሞ «የቀድሞ የጎዳና ተዳዳሪዎች» የሚል ተጽፏል። አንደኛው ልጅ ይህን አንብቦ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ በዓይኔ አየሁት። ማንበብ እንዲማር ያደረግነው እኛው ነን እኮ! ያለ ፎቶ ከሆነ በደስታ እንቀበላለን፣ ካልሆነ ይቅርብን አልኩ። እሳቸውም ይቅርባችሁ ብለው ጭነው ሄዱ።

እዚህ ላይ ጥፋቴን ልናገር። ኮሚቴውን ሳላማክር ብቻዬን ነው የወሰንኩት፤ ገንዘብ ያዣችን አጠገቤ ቆማ ሳለ እንኳ አልጠየቅኋትም። ለዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ መመለሱ ግን አልጸጸትም።

ከሰባቱ አንዱ የእህቴ ልጅ ነው። በ11 ዓመቱ አንድ ደላላ «ጥሩ ቤት አስገባሃለሁ፣ ማታ ማታ ትማራለህ» ብሎ ወሰደው። አዲስ አበባ ሲደርስ ሎተሪ አዟሪ፣ ቆይቶም ሊስትሮ ሆነ። ማታ ማታ የቀን ገቢውን አንድ ጎረምሳ ይቀበለዋል፤ የጎደለ ቀን ድብደባ ነው። በረንዳ አድሯል፣ ከዚያ የባሰም አይቷል፣ እሱን እዚህ አልጽፍም። ዛሬም ሌሊት በር ከተንኳኳ ተነስቶ ጥግ ይይዛል። ይህን ልጅ ነው ለሱቅ ማስታወቂያ አቁሙት የተባልኩት።

ሌላም አለ። ሰኔ 2010 ሐዋሳ ላይ ግጭት ተነስቶ ሰው ሲሞትና ሲፈናቀል፣ ነሐሴ 2012 ደግሞ የዞናችን አመራሮች ታስረው በሶዶና በቦዲቲ ተኩስ ተከፍቶ ሰው ሲሞት፣ ቤት ያለው ልጅ ቤቱ ገባ። በረንዳ የሚያድረው የት ይግባ?

አሁን ዋናው ነገር ላይ ልምጣ። አንድ የ11 ዓመት ልጅ ከቦምቤ ተነስቶ አዲስ አበባ በእግሩ አልሄደም። በመኪና ተሳፍሮ፣ ታሪፍ ተከፍሎለት ነው የሄደው። ባለመኪናው የኛው ሰው ነው፤ ረዳቱም «ከማን ጋር ነህ?» ብሎ አልጠየቀውም። ከመሄዱ በፊት ትምህርት ቀርቶ የሚውልበት የከረንቦላና የጆተኒ ቤትም የኛው ሰው ነው። ደላላው ቁጭ ብሎ ሻይ የሚጠጣበት ቤትም የታወቀ ነው። ታዲያ ከከተማችን የንግድ ሰዎች አንዳንዱ ልጁ ሲሄድ ይከፈለዋል፣ ልጁ ተሰብሮ ሲመለስ ደግሞ ደብተር ገዝቶ ይመረቃል። ይህ ትብብር ነው ወይ?

ችግር ነው የሚሰደን ትሉኛላችሁ፤ እውነት ነው። በ2004 አጠውላጊው በሽታ ዝንጅብላችንን ሲጨርሰው የስንቱ ጓዳ እንደተራቆተ እኔ አልነግራችሁም። ቦይናው፣ እንሰቱና ቡናው ያንን ገንዘብ አልተካውም። ይሁን እንጂ ድህነት ልጅን ከቤት ይገፋል እንጂ ትኬት አይቆርጥለትም። ትኬት የሚቆርጠው ሰው ነው።

ሕጉም ዝም አላለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ደግሞ ሰውን ለብዝበዛ መመልመልና ማጓጓዝ ወንጀል ነው ይላል፤ ባህር ማዶ ብቻ ሳይሆን አገር ውስጥም ቢሆን። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 የሕፃናትን መብት ጽፏል። እኔ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ የቆምኩ ሰው ነኝ፣ እኔ የገባኝ ለባለመኪናው እንዴት አይገባውም?

ባለፈው ጊዜ ለማህበራት በተሰጠ ሥልጠና ላይ አንድ ነገር ሰማሁ። ፓኪስታን ውስጥ ሲያልኮት የምትባል ከተማ አለች። በእጅ የሚሰፋው የእግር ኳስ አብዛኛው ከዚያች ከተማና ከአካባቢዋ ነበር የሚወጣው፤ በየቤቱ ከሚሰፉትም መካከል ሕፃናት ነበሩ። ነገሩ በዓለም ፊት ሲጋለጥ የከተማዋ የንግድና ኢንዱስትሪ ምክር ቤት በ1989 ዓ.ም. ከዓለም የሥራ ድርጅትና ከዩኒሴፍ ጋር ተፈራረመ። ልብ በሉ፣ ነጋዴዎቹ የፈረሙት ስለገዛ ሥራቸው ነው፤ ስፌቱ ከየቤቱ ወጥቶ ተቆጣጣሪ በሚገባበት ቦታ እንዲሆን፣ ሕፃኑም ትምህርት እንዲያገኝ። በበጎነታቸው ብቻ አይደለም፣ ገዢዎቹና ዓለም ስለጨቀጨቋቸውም ነው። እንከንም ነበረበት፤ ቤታቸው ሆነው ይሰፉ የነበሩ እናቶች ገቢ ቀርቶባቸዋል። ሆኖም ነጋዴ ከራሱ ቤት መጀመር እንደሚችል ታይቷል። እኛም ጨቅጫቂ እንሁን።

«ነጋዴውን አስቀይመን ማን ይረዳናል?» የሚሉ አባቶች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ፣ ግን አልስማማም። ለጊፋታ በሬ ከመስከረም እስከ መስከረም እያዋጣን የምናጠራቅም ሕዝብ አይደለንም እንዴ? እናቶችስ ለበዓሉ ቅቤውን ዓመት ሙሉ አያጠራቅሙም? ለበሬ የሚቆጥብ እጅ ለልጅ መቆጠብ ያቅተዋል ብትሉኝ አላምንም። ነጋዴም ከፈለገ በዚያው ደብተር ላይ ስሙን አስጽፎ በየወሩ የአቅሙን ያዋጣ፣ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፣ ሂሳቡም እዚሁ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ማህበሩ ይበላል ለሚሉም መልሴ ይኸው ነው፤ መጥታችሁ ቁጠሩ።

ከገንዘቡ በፊት ግን የምንጠይቀው አለ። ባለመኪና ሁሉ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ያልያዘ ልጅ በአረካም በሶዶም በኩል እንዳያሳፍር፣ ተጠራጥሮ የመለሰውን ልጅም ለኛ እንዲነግር። የከረንቦላ ቤት በትምህርት ሰዓት ለተማሪ እንዳይከፍት። ሱቅና ሻይ ቤትም ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ በሥራ እንዳያውል። ይህን የፈረመ ሰው፣ አንድ ብር ባይሰጠንም፣ ለኔ ከባለባነሩ ይበልጥብኛል። ወላጆችም አትሳቁ፤ ልጁን በዱላ ከቤት አባሮ ደላላውን መርገም አይሆንም። እኔም በዚህ ንጹህ አይደለሁም፣ የእህቴን ልጅ ከመሄዱ ሳምንት በፊት የመታሁት እኔ ነኝ።

የሰባቱ ልጆች ዩኒፎርም እስከ ዛሬ አልተገዛም፣ በቤት ልብሳቸው ነው የሚማሩት። ስለሆነም በሚቀጥለው እሁድ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ በማህበሩ ግቢ ስብሰባ ተጠርቷል፤ መዋጮውም የፊርማው ወረቀትም እዚያው ይቀርባል። የመኪና ባለንብረቶችና ባለሱቆች በሙሉ እንድትገኙ። እኚያ ነጋዴም በአክብሮት ተጠርተዋል፣ ወንበራቸው ከፊት ነው። ባነሩን ግን ቤታቸው ይተዉልን።

የማህበሩ ጸሐፊ