ምረጡ ለሚሉን

ሰሞኑን ያው ክርክር ተመልሶ መጥቷል፤ ጠበል የገባ ሰው መድኃኒቱን ይተው ወይስ አይተው የሚለው። ይህን ዓምድ የሚከታተሉ አንባቢዎች አቋሜን ያውቁታል፣ የሚያናድደኝንም ያውቁታል። የሚያናድደኝ ጠበሉ አይደለም፤ መድኃኒቱም አይደለም። የሚያናድደኝ መሀል ላይ ቆሞ የታመመን ሰው «ከሁለቱ አንዱን ምረጥ» የሚለው ሰው ነው። ይህ ሰው አንዳንዴ ቆብ ይደፋል፣ አንዳንዴ ከረባት አስሮ ማይክሮፎን ይይዛል፣ አንዳንዴ ደግሞ ነጭ ጋዋን ለብሶ ይቀመጣል። የሚሉት የተለያየ ይመስላል እንጂ መነሻቸው አንድ ነው፤ እውነት በእኔ በር ካልሆነ በሌላ በር አትገባም ብለው ያምናሉ። እኔ የዚህን ተቃራኒ ነው የምለው። የምለውም አዲስ ፍልስፍና አይደለም፤ የዚህች አገር ሃይማኖቶች ሳይናገሩት ሲኖሩበት የቆዩት ነገር ነው።

ነገሩን ሁላችንም በምናውቀው ጉዳይ እንየው። እንጦጦ ማርያም ጠበል በኤች አይ ቪ በተያዙ ሰዎች የተጨናነቀበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ሕመምተኞች ተራራው ላይ ጎጆ ተከራይተው፣ ጎህ ሳይቀድ እየተነሡ ይጠመቁ ነበር። ያኔ መድኃኒቱ ለድሃ የማይቀመስ ስለነበር ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ለብዙው ሰው የቀረው ተስፋ ጠበሉ ብቻ ነበር። በጥር 1997 ዓ.ም የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ግን ጥያቄው አፍጥጦ መጣ። ክኒን የሚውጥ ሰው በጠበሉ አላመነም ተባለ፤ በዚህ ምክንያት ክኒናቸውን የጣሉ ነበሩ። በግንቦት 1999 ዓ.ም ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒት መውሰድ ኃጢአት እንዳልሆነ፣ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑና እንደማይጋጩ በአደባባይ ተናገሩ። ከቤተ ክህነት በዘመናችን ከወጡ ቃሎች ውስጥ በክብደቱ ከዚህ የሚስተካከል ጥቂት ነው። ያ ሁሉ ከተባለ በኋላ ጥያቄው እንደ አዲስ መነሣቱ ነው የሚያሳዝነው።

ይህን ያህል የምቆጣው ለምን እንደሆነ ለመረዳት መድኃኒቱ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ክኒኑ ቫይረሱን ከሰውነት ጠራርጎ አያወጣውም፤ እንዳይራባ ይይዘዋል እንጂ። በአግባቡ የሚወስድ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በወራት ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይወርዳል፤ ሰውነቱ ይጠገናል፣ ሥጋው ይመለሳል፣ ሥራውን ይሠራል። ጥቂት ቫይረስ ግን በነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ አድፍጦ ይቀራል። በዚህ ጊዜ ጠበል ገብቶ የሰነበተ ሰው ሲመረመር «ቫይረሱ አልታየም» ይባላል። ምስክርነት ሲሰጥ አይዋሽም፤ የተነገረውን ነው የሚናገረው። ጥፋቱ የሚመጣው «እንግዲህ ድነሃል፣ ክኒኑን ተወው» ሲባል ነው። ክኒኑ በቆመ በሳምንታት ውስጥ ቫይረሱ መራባት ይጀምራል፤ ሰውየው ግን በመድኃኒቱ የተጠገነ አቅም ስላለው ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ደህና ሆኖ ይታያል። ያ ደህና የሆነበት ጊዜ ለሌላው ማስረጃ ይሆናል፤ እርሱን አይተው ሌሎችም ይተዋሉ። ሲወድቅ ግን ከመድረኩ ርቆ፣ በቤቱ ነው የሚወድቀው። ስለ መውደቁ ምስክርነት የሚሰጥ የለም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ ምንም የሚያስገድድ ነገር ሳይኖር ነው። ጠበል የሚጠጣው በጠዋት፣ በባዶ ሆድ ነው። ዛሬ በአብዛኛው የሚሰጠው ዶሉቴግራቪር ያለበት መድኃኒት በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ አንድ ክኒን ነው፤ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል። ማታ ዋጥ አድርጎ የተኛ ሰው በማግስቱ ጠበሉ ላይ ሲቆም የሚጋጭበት ሰዓት የለም። ዓቢይ ጾምን የሚጾመውም ከእራቱ ጋር ይወስደዋል፤ ረመዳንን የሚጾመውም ካፈጠረ በኋላ ይወስደዋል። ግጭቱ ያለው በሰዎች አፍ ላይ እንጂ በሰዓቱም በሰውነቱም ውስጥ አይደለም።

«መድኃኒት መያዝ በእግዚአብሔር ላይ ያለንን መታመን መክፈል አይሆንም ወይ?» ብለው በቅንነት የሚጠይቁ አሉ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከምትቀበላቸው 81 መጻሕፍት አንዱ መጽሐፈ ሲራክ ነው። 38ኛው ምዕራፍ ሐኪም እንዲከበር ያዛል፤ መድኃኒትን ከምድር ያስገኘው እግዚአብሔር መሆኑን፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ይናገራል። እዚያው ምዕራፍ ላይ የታመመው ሰው እንዲጸልይም ይመከራል፤ ሁለቱ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ተቀምጠዋል። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር። በእስልምናም ነቢዩ ሙሐመድ ሰዎች እንዲታከሙ ማዘዛቸው፣ አላህም መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ እንደሌለ መናገራቸው የታወቀ ሐዲስ ነው። ፕሮቴስታንቱም ቢሆን ምሳሌ ፍለጋ ባሕር መሻገር አያስፈልገውም። እዚሁ አዲስ አበባ፣ መካኒሳ ሰፈር፣ የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ አለ። የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ወደ ስብከት ከመግባታቸው በፊት ነቀምት ሆስፒታል ውስጥ ድሬሰር ነበሩ፤ ቁስል ያጠቡ እጆች ናቸው በኋላ መስቀሉን የያዙት። በእርሳቸው ዘመን፣ በ1964 ዓ.ም፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤ የሰውን ነፍስና ሥጋ ለያይቶ ማገልገል አይቻልም ብሎ የምዕራብ ረጂዎችን የሞገተ ነው። እንግዲህ «ክኒን እምነት ማጉደል ነው» የሚል ሰባኪ ከየትኛው ወንበር እንደተማረ ይንገረን።

ይልቁንም ያቺን ክኒን ልብ ብሎ ማየት ይገባል፤ ስንት ሃይማኖት ነክቷታል! ቫይረሱን እ.ኤ.አ. በ1983 ያገኙት በፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት የሚሠሩ ተመራማሪዎች ናቸው፤ ፍራንሷዝ ባሬ ሲኑሲና ሉክ ሞንታኒዬ በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። መድኃኒቱ ከተገኘ በኋላም ለአንድ ሰው በዓመት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣ ነበር፤ ለእኛ እንደሌለ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ሲፕላ የሚባለው የሕንድ ኩባንያ መሪ ዶክተር ዩሱፍ ሃሚድ ለድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በዓመት በ350 ዶላር እንደሚያቀርብ ሲያስታውቅ ነው ገበያው የተሰበረው። ዶክተር ሃሚድ ከሙስሊም አባትና ከአይሁድ እናት የተወለዱ፣ ሂንዱዎች በሚበዙበት አገር የሚሠሩ ሰው ናቸው። እንጦጦ ላይ «በስመ አብ» ብሎ የሚጠመቅ የጎጃም ገበሬ ማታ የሚውጣት ክኒን በእነዚህ ሁሉ እጆች አልፋ የመጣች ናት። ሃይማኖታቸውን አይቶ መልሱልኝ የሚል ካለ በሕይወቱ ነው የሚከፍለው። ስለዚህ ሳይንስን ከሃይማኖት ጋር ማስታረቅና ከጎረቤት ሃይማኖት ጋር መኖር ሁለት ጥያቄ ሆነው አይታዩኝም። ሁለቱም የሚጠይቁን አንድ ነገር ነው፤ እንደ እኛ ከማይጸልይ ሰው እጅ መልካም ነገር መቀበል።

ይህን ደግሞ አባቶች አሳምረው ያውቁበት ነበር። በዓለ ትንሣኤ በየዓመቱ መቼ እንደሚውል የምናውቅበትን ባሕረ ሐሳብ እንይ። ትውፊቱ ለ12ኛው የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት ለቅዱስ ድሜጥሮስ ይሰጠዋል። ስሌቱ የቆመው ግን በ19 ዓመቱ ቀመር ላይ ነው፤ 19 የፀሐይ ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር በእጅጉ ይቀራረባሉ። ይህን የአቴናው ሜቶን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ432 ዓመት ለግሪኮች አስተዋውቆታል፤ ባቢሎናውያንም ይሠሩበት ነበር፤ አይሁድም እስከ ዛሬ ይቆጥሩበታል። የባሕረ ሐሳብ ሁለቱ ቁጥሮች፣ አበቅቴና መጥቅዕ፣ ሲደመሩ 30 የሚሆኑት በዚሁ ስሌት ነው። ሊቃውንቱ የዘመን ቆጠራን ጠለቅ አድርገው የሚማሩበት አቡሻክር ደግሞ በ13ኛው መቶ ዓመት አንድ የግብፅ ክርስቲያን በዓረብኛ የጻፈው መጽሐፍ ነው፤ የአይሁድንም፣ የክርስቲያኑንም፣ የእስላሙንም አቆጣጠር ይዞ ወደ ግእዝ ተመልሷል። ጣዖት ያመልክ የነበረ ግሪክ ያወቀውን የጨረቃ ቁጥር አምጥተው የክርስቶስን ትንሣኤ ሲያሰሉበት ማንም «እምነታችን ረከሰ» አላለም። ሰማዩን የሚያነቡት በዓሉን በወቅቱ ለማክበር ነበር። ዛሬም እንጦጦ ላይ፣ ጠበሉ ባለበት በዚያው ተራራ፣ ከ2007 ዓ.ም ጀምሮ ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ ጠበልተኛው የሚወጣውም ተመራማሪው የሚወጣውም ያንኑ ዳገት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይመጣል፤ ዘልዬው ማለፍ አልፈልግም። «ሁሉም ልክ ነው ልትለን ነው?» የሚለው። አይደለም። ምስጢረ ሥላሴን የሚያምነውና ተውሒድን የሚያምነው ስለ እግዚአብሔር ባሕርይ የሚሉት ይጋጫል፤ ግጭቱን በሽንገላ መሸፈን ሁለቱንም መናቅ ነው። እኔ የምለው ሌላ ነው። አንድ ሰው በአንድ ነገር ተሳስቷል ብዬ ስላመንሁ በሁሉም ነገር ተሳስቷል ማለት አልችልም። ስለ ቫይረስ መጠን ስንነጋገር መመርመሪያው የማንንም ጥምቀት አይጠይቅም፤ ለቄሱም ለሸኹም ለፓስተሩም ውጤቱን የሚያወጣው በአንድ ሥራ ነው። ስለ እግዚአብሔር ባሕርይ ግን እንዲህ ያለ የጋራ መለኪያ የለንም። መለኪያ ባለበት ቦታ በእምነት ስም መከራከር፣ መለኪያ በሌለበት ቦታ ደግሞ በጉልበት ማሳመን፣ ሁለቱም ቦታቸውን የሳቱ ናቸው። ከሌላው ወገን ደግሞ «ሃይማኖቶች ይህን ያህል ከተለያዩ ሁሉም ሐሰት ናቸው» የሚሉ አሉ። በዘርዓ ያዕቆብ ስም የሚታወቀው ሐተታ ይህን ልዩነት በጥንቃቄ አንስቶታል፤ መጽሐፉ የ17ኛው መቶ ዓመት ነው ወይስ የ19ኛው የሚለው የሊቃውንት ሙግት ዛሬም አልተቋጨም። ማንም ይጻፈው፣ ከልዩነቱ ተነሥቶ ወደ ክህደት አልሄደም። ሰዎች በአንድ ጉዳይ መለያየታቸው ስለ ጉዳዩ የተባለው ሁሉ ውሸት ነው አያሰኝም፤ በፀሐይና በምድር ላይም ለብዙ መቶ ዓመታት ተለያይተን ነበር።

ለባለ ነጭ ጋዋኑም የምለው አለኝ። «ጠበል ውኃ ነው፣ አርፈህ ክኒንህን ዋጥ» ብሎ ሕመምተኛውን ማሸማቀቅ ሳይንስ አይደለም። ያ ሰው ነገ ጠበል ሲሄድ ለሐኪሙ አይነግረውም፤ ክኒኑን ሲያቆምም አይነግረውም፤ ሐኪሙም ሊያውቀው የሚገባውን ዋናውን ነገር ሳያውቅ ይቀራል። ሳይንስ የሚለካውን ይለካል፤ ሰው በሕመሙ ጊዜ ለምን መኖር እንደሚፈልግ አይነግረውም። የሳይንስን ስም ብቻ መያዝም ከጭካኔ አያድንም። «ሳይንሳዊ ሶሻሊዝም» ብሎ ሃይማኖትን ኋላቀርነት ያደረገው ደርግ በ1971 ዓ.ም ክረምት ቄስ ጉዲና ቱምሳንም ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስንም ገድሏል። በዚህ ሳይንስን አልወቅስም፤ ሃይማኖትም በስሙ በተሠራው ግፍ ሁሉ እንዲወቀስ እንደማልፈልግ ሁሉ። የምፈልገው ሁለቱም ወገኖች ይህን ፍርድ በእኩል እንዲሰፍሩ ነው።

መካኒሳ አቦ ለዚህ ጥሩ ምስክር ይመስለኛል። ሰፈሩ የተጠራባቸው አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ ገድላቸው እንደሚለው፣ ከግብፅ ንሒሳ የመጡ፣ ዝቋላ ላይ ለኢትዮጵያ የጸለዩ አባት ናቸው። በወር በ5፣ በተለይም በመጋቢትና በጥቅምት፣ ነጠላ ለባሹ ወደ ደጃቸው ይጎርፋል፤ በዚያው ሰፈር የመካነ ኢየሱስ ተማሪዎች መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ያጠናሉ። በ1999 ዓ.ም የሕዝብ ቆጠራ ከአዲስ አበባ ነዋሪ 74.7 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 16.2 በመቶው ሙስሊም፣ 7.8 በመቶው ፕሮቴስታንት ነበር። ይህ ሕዝብ በአንድ ጤና ጣቢያ ይሰለፋል፣ ልጆቹን በአንድ ክትባት ያስከትባል። በ2012 ዓ.ም ኮቪድ ሲገባም ቤተ እምነቶቹ በየራሳቸው መንገድ አንድ ዓይነት ምክር ሰጥተው ነበር፤ እየጸለያችሁ ተራራቁ ብለው። ያንን ማድረግ የቻለ ሕዝብ ክኒንና ጠበልን አንድ ላይ መያዝ አያቅተውም።

እንግዲህ አጥማቂ አባቶች፣ ፓስተሮች፣ ለታመመ ቁርኣን እየቀራችሁ ሩቅያ የምታደርጉ ሸኾች፣ በእጃችሁ የታመመ ሰው አለና እለምናችኋለሁ፤ ከመጸለያችሁ በፊት መድኃኒቱን እየወሰደ መሆኑን ጠይቁት። ሐኪሞችም ጠበል መሄዱን ሳታሳፍሩ ጠይቁት። ድኛለሁ ብሎ ክኒኑን ያቋረጠ አንባቢ ካለ ደግሞ ነገ ሳይል ይከታተልበት ወደነበረው ጤና ጣቢያ ይመለስ። መርምረው እንደገና ያስጀምሩታል፤ ክፍያ የለውም።